በግራ በኩል ሲያነሷት የምትጠፋው ላፕቶፕ

ቅዳሜ ማታ

የጋሼ ላፕቶፕ ዛሬ እጄ ገባች። በ2004 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። ፔንቲየም ኤም ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። ክብደቷ የዛሬዎቹን ሁለት ላፕቶፕ ያህላል። ክዳኗን ስከፍተው ማጠፊያው አቃሰተ። ሽፋኗ ላይ ያለው ጎማ መሰል ቀለም በዕድሜ ብዛት ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሙጫ የነካሁ መሰለኝ።

“መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ደህና ትሠራ ነበር” አሉኝ ጋሼ። “ላነሳት ስል ግን ድርግም ትላለች። አሁን ደግሞ ጭራሽ አልነሳም ብላለች። ዕድሜ ነው መቼስ።”

አጎቴ የሚፈልጉት በውስጧ ያሉትን ፎቶዎች ነው። እኔ የምፈልገው ማሽኗን ነው። ቶሎ ተስማማን።

ለራሴ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እነካለሁ፤ የነካሁትንም እዚህ እጽፋለሁ። ከዚህ በፊት ራሙንም፣ ዲስኩንም፣ ቻርጀሩንም በአንድ ማታ የቀየርኩላት ሌላ ማሽን ነበረች። ተነሳች። ለምን እንደተነሳች ግን እስካሁን አላውቅም።

ቻርጀሩን ሰካሁ። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞረና መብራቷ ጠፋች። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሳ በራች። ደግሜ ስጫን ያው ነው። ይቺ ግማሽ ዙር ደስ አለችኝ። ማሽኗ ለመነሳት እየሞከረች አቅም ያጠራት ትመስላለች።

ቻርጀሩ ላይ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር ተጽፏል። በቴስተር ስለካው 19.3 ቮልት አሳየኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ቻርጀሩ ደህና ነው” ብሎ ያልፋል። ሸክም ሳይኖርበት ግን ማንም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሸክም ሰጠሁት። ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና ፍሬን አምፖሎች ሁለት ነበሩኝ። በተከታታይ አሰርኳቸው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚስቡት ወደ 1.5 አምፒር ነው፤ ቻርጀሩ እችላለሁ ካለው ግማሽ እንኳ አይሞላም። አምፖሎቹ ቦግ እልም ማለት ጀመሩ። ቴስተሩ ወደ 11 ቮልት ወረደ።

ቻርጀሩ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ሳይደርቁ አልቀሩም። ልክፈተው ብዬ አልታገልኩም። ሳጥኑ በሙጫ የተዘጋ ነው፤ ደግሞም ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር በጉጉት ብቻ አልከፍትም።

መደርደሪያ ላይ 19 ቮልት፣ 4.74 አምፒር የሚል አንድ ቻርጀር ነበረኝ። መሰኪያው ልክ ነው፣ ውስጡም ፖዘቲቭ ነው። አምፒሩ መብዛቱ አይጎዳትም፤ ማሽኗ የምትስበው የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ ነው። መመሳሰል ያለበት ቮልቱ ነው።

ሰካሁት። ማራገቢያው ዞረ፤ አልቆመም። ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ወዲያው አጠፋኋት። የዲስኩን ድምፅ አልወደድኩትም።

እሁድ

ከሁሉ በፊት ፎቶዎቹ። ማሽን ቢበላሽ ማሽን ይተካል።

ገለበጥኳት። ከታች 18 የብሎን ቀዳዳ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። ጻፍኩት፤ ብዙም አላሰብኩበትም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብሎን መጉደሉ ብርቅ አይደለም።

ዲስኩ ባለ 2.5 ኢንች አይዲኢ (የድሮው የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ነው፣ 44 እግር ያለው። ከ44ቱ አጠገብ ትንሽ ክፍተት ትታ የቆመች የአራት እግር ቡድን አለች። እሷ የማስተካከያ ናት፤ ኬብል አይሰካባትም። በችኮላ ኬብሉን አንድ ረድፍ አሳልፎ የሰካ ሰው የ5 ቮልቱን መስመር የማይሆንበት ቦታ ይልከዋል። ከሰካሁ በኋላ በእጅ ባትሪ አብርቼ በጎን አየሁት። ሁለቴ።

በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ፎልደር ከፍቼ ፎቶ በፎቶ መቅዳት አልጀመርኩም። የሚደክም ዲስክ ላይ ወዲያ ወዲህ መዝለል ማለት ቀሪ ትንፋሹን ማባከን ነው። ዲዲረስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ለቀቅኩበት። ይሄ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይቀዳል፤ እምቢ ያለውን ዘልሎ መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። የቀረውንም በፋይል ስለሚይዝ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ፈጀ። መጨረሻ ላይ ያልተነበበው ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። ቅጂውን ከፈትኩት። ፎቶዎቹ አሉ። ጋሼ በጥቁር ፀጉር!

ዲስኩ ጡረታ ወጣ። በምትኩ የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ በአይዲኢ ማገናኛ ላይ አድርጌ አስገባሁ። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ፍጥነቱ ተአምር አይደለም።

ሰኞ ማታ

ስክሪኑ።

ማሽኗን አስነሳሁና የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ በሰያፍ አበራሁ። ጽሑፍ አለ! ደብዛዛ፣ ግን ይነበባል። ስለዚህ ምስሉ እየመጣ ነው፤ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው ነው። በቪጂኤ ገመድ ከሌላ ስክሪን ጋር ሳገናኛትም ምስሉ ኩልል ያለ ነው። የግራፊክስ ቺፑ ነፃ ወጣ። ቢያንስ እንደዚያ አሰብኩ።

የዚያ ዘመን ስክሪኖች ከኋላቸው ኤልኢዲ የላቸውም። ከእርሳስ የቀጠነ የፍሎረሰንት ቱቦ ነው ያለው። ቱቦውን የሚያበራው ኢንቨርተር የምትባል ጠባብ ቦርድ ናት፤ ጥቂት ቮልት ተቀብላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ታወጣለች። ስትሠራ በእጅ አትነካም።

ኢንቨርተር ልፈልግ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱን የምታጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ከማጠፊያው አጠገብ አለች፤ ከቀዳዳ ብቅ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ። ይቺኛዋ ብቅ አላለችም። ገብታ ቀርታለች። በአልኮል የራሰ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያዋን አሸሁት። ጥቁር እድፍ ወጣ። ጥርሷ ጠቅ ብላ ተነሳች፣ ስክሪኑም በራ።

ላፕቶፗ ስንት ዓመት ሙሉ ክዳኔ ተዘግቷል ብላ ታምን እንደነበር እንጃ።

ብርሃኑ መጀመሪያ ቀይ ዳማ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ነጭ ይመለሳል። ቱቦው አርጅቷል ማለት ነው። ይሄንን እንዳለ እተወዋለሁ። ቱቦውን ለመቀየር ስክሪኑን ንብርብር በንብርብር መፍታት አለብኝ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች ዕድሜ ልክ መሃል ላይ ተቀምጣ ትስቅብኛለች።

ማክሰኞ

ሰዓቷ በበራች ቁጥር ወደ ጥር 1 ትመለሳለች። ማሽኗን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱም፣ “ቅንብሬ ጠፋ” እያለ ይነጫነጫል። ራሙ ሥር ያለች ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ 3 ቮልት መስጠት ሲገባት 0.4 ሰጠችኝ። ሁለት ቀጭን ሽቦ ተበይዶባት በፕላስቲክ ተጠቅልላለች። አዲስ ክብ ባትሪ ላይ በካውያ ቀጥታ መበየድ ክልክል ነው፤ ሊቲየም ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ይፈነዳል። ጆሮ (ሽቦ የሚበየድበት የብረት ምላስ) ያለው አዲስ አገኘሁና ሽቦውን ጆሮው ላይ በየድኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ቀን መሳሳቱ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ኮምፒውተሯ ገና ብዙ ዓመት ወደኋላ ናት ብላ ካመነች ኢንተርኔት ላይ ያለውን ድረ ገጽ ሁሉ “ሰርተፍኬቱ ልክ አይደለም” ብላ ትመልሰዋለች። ሰው ደግሞ ኔትወርክ ካርዱን ሲጠረጥር ይውላል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ላፕቶፖች ላይ ቢሆን ከዚህ የባሰ ይገጥማል። ብዙዎቹ እዚህ ቦታ ላይ የነበራቸው ቻርጅ የሚደረግ የኒኬል ባትሪ ነው። እሱ ሲያረጅ ያነባል፤ ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ የመዳብ መስመሮቹን አረንጓዴ አድርጎ ይበላቸዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን በጥቂት አቼቶ ገድዬ፣ በአልኮል አጥቤ፣ አራት መስመር በፀጉር ቀጭን ሽቦ ቀጥያለሁ። የዚያን ዘመን ማሽን ሣጥን ውስጥ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ባትሪዋን ያውጣት። ነገ አይበል።

ዋናው ባትሪ? 10.8 ቮልት ይላል ጀርባው፤ እግሮቹ ላይ ስለካ ዜሮ ነው። ላነቃው አልሞከርኩም። ሊቲየም አየን ሴል ለዓመታት ባዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ ያንን እንደገና ቻርጅ ማድረግ እሳት መለኮስ ሊሆን ይችላል። አወጣሁት። ላፕቶፗ በቻርጀር ብቻ ትሠራለች።

ሐሙስ

አሁን ወደ ጋሼ ዋና ስሞታ። ትሠራለች፤ ግራዋን ሳነሳት ድርግም። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሰማያዊ ስክሪን የለም። ልክ ከሶኬት እንደተነቀለች።

ደግሞ አንዳንዴ ሳላነሳትም ትጠፋለች፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ። ሁለት በሽታ ነው ወይስ አንድ?

ሙቀቱን ጀመርኩ። ሊኑክስ በሲዲ ላስነሳ ስል “ይሄ ፕሮሰሰር ፒኤኢ (ብዙ ራም የመጠቀም ችሎታ) የለውም” ብሎ እምቢ አለኝ። አለው! የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም ኤሞች ችሎታው አላቸው፤ አለኝ ብለው አይናገሩም እንጂ። ሲነሳ ፎርስፒኤኢ የሚለውን ቃል ጨመርኩለትና ገባ። ሙቀት መለኪያው 94 ዲግሪ ይላል፤ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ 100 ነው።

ኪቦርዱን አንስቼ ማራገቢያው ጋ ደረስኩ። በማራገቢያውና በመዳብ ክንፎቹ መሃል አቧራው ተጠቅጥቆ ጋቢ ሆኗል። ጋቢ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ በወረንጦ ስይዘው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ከውጭ በኩል በአየር የነፋበት ሰው ሁሉ ይሄንን ይበልጥ እየጠቀጠቀው ኖሯል። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ኖራ መስሏል። በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ ሩዝ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ማራገቢያው ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት።

94 የነበረው 63 ሆነ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አሠራኋት፤ አልጠፋችም።

ግራዋን አነሳኋት። ድርግም።

ሁለት በሽታ ነበር።

ዓርብ

ራሙን ሌሊቱን በሙሉ በሜምቴስት ፈተንኩት። ሁለቱን ቁራጮች አንድ በአንድ፣ ከዚያ ቦታ አቀያይሬ። ስህተት ዜሮ። እግሮቻቸውን በላጲስ አሸሁ፣ ብናኙን ጠረግኩ። ምንም ለውጥ የለም።

የቻርጀሩን መግቢያ ወዘወዝኩት። ጠንካራ ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ ስህተት ልሠራ ነበር።

ሲነሳ የሚጠፋ ላፕቶፕ ሲባል ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ ከግራፊክስ ቺፑ ሥር ያሉት የሊድ (የመበየጃ ብረት) ኳሶች ተሰንጥቀዋል። የሚሆን ነገር ነው። ቺፑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ቦርዱም ሲጎብጥ ኳሶቹ ይደክማሉ። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ ቦርዱን አውጥተህ ምድጃ ውስጥ ክተተው፣ ወይም ሙቅ አየር ንፋበት ይሉሃል። ሙቅ አየሩ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አዘጋጀሁት።

ቁጥሩን ሳስበው ግን እጄ ቆመ። አውሮፓ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበትን ሊድ የከለከለችው ከሐምሌ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ይቺ ከዚያ በፊት ስለተሠራች ሊድዋ የድሮው ሊሆን ይችላል፤ የሚቀልጠው 183 ዲግሪ ላይ ነው። የአዲሱ ከ217 ይጀምራል። በየትኛውም ቢሆን እዚያ እስክደርስ የፕላስቲክ መሰኪያዎቹ ይጎብጣሉ፣ ካፓሲተሮቹ ይነፋሉ። ምግብ በሚበሰልበት ምድጃ የሚያደርጉት ሰዎችማ እርሳሱን አብረው የሚበሉት ይመስለኛል። ደግሞ በዚህ መንገድ “የዳኑ” ብዙ ቺፖች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቺፑ ሥር ሳይሆን ቺፑ ራሱ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ሙቀቱ ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አይጠግነውም።

እና ከስንት ቀን በፊት የግራፊክስ ቺፑ ነፃ ነው ብዬ ጽፌ የለ? አንድም ጊዜ ምስሉ ሲበላሽ አላየሁም። መስመር የለ፣ ነጠብጣብ የለ። የሚጠፋው ኃይሉ ነው።

ሙቅ አየሩን ወደ ቦታው መለስኩ። ቦርዱን ከአካሉ አወጣሁና ደረቅ ጣውላ ላይ አስተኛሁት። ማራገቢያውን፣ ራሙንና የውጭ ስክሪኑን ብቻ ሰካሁ። ተነሳች። በደረቅ እንጨት ቺፑን ጫንኩት። ምንም። የግራ ጥጉን ይዤ በቀስታ አጎበጥኩት። ምንም! ጣውላውን ከነቦርዱ አነሳሁት። ትሠራለች።

ቦርዱ ጤነኛ ነው። የሚያማት ልብሷን ስትለብስ ነው።

ስልክ አነሳሁ።

“ጋሼ፣ ይቺን ላፕቶፕ ሰው ከፍቷት ያውቃል?”

“ኧረ በፍጹም፣ ማንም አልነካትም።”

“ለጽዳትም ቢሆን?”

“ማንም አልነካትም ስልህ! አንድ ጊዜ ስትጮህብኝ አንድ ልጅ አቧራዋን አራግፎልኛል እንጂ።”

“ከዚያ በፊት ሲያነሷት ትጠፋ ነበር?”

ዝም አሉ። “እሱንስ አላስታውስም” አሉኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ “ሁለት ብሎን ተርፎኛል ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፣ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነው ያለው” ብለው ጨመሩ።

ሳምንቱን ሙሉ ዕድሜዋን ስከስ የነበርኩት ሰውዬ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ብጣሽ ወረቀት ውስጥ ሁለት አጫጭር ብሎኖች ተጠቅልለዋል።

ቅዳሜ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ

ከፈታኋት ጊዜ ጀምሮ ብሎኖቹን ካርቶን ላይ የማሽኗን ቅርጽ ስዬ በየቦታቸው ሰክቻቸው ነበር። 17ቱን በማስመሪያ ለካሁ። ከግራው የኋላ ጥግ የወጣው 8 ሚሊሜትር ነው። በቀኙ በኩል ያለው አቻው 5 ነው። ረዥሙ ጭንቅላቱም ሰፋ ያለ ነው፤ ከሌላ ማሽን የመጣ ይመስላል።

ቦርዱን ገልብጬ እዚያው ቦታ አጉሊ መነጽር ደቀንኩ። አረንጓዴው ሽፋን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ጭረት አለች። መሃሏ ላይ መዳብ ያበራል። ከአጠገቧ ደግሞ የጠቆረች ነጥብ፣ የብልጭታ ጠባሳ።

ማረጋገጫ ፈለግኩ። ቦርዱን አካሉ ውስጥ መልሼ ያንን ረዥም ብሎን አሰርኩት። ቻርጀር የለም፣ ባትሪ የለም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ብሎኑ ላይ፣ ሌላውን ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ካፓሲተር ላይ ያዝኩ። ዝም። ግራዋን በአንድ እጄ አነሳኋት። ጢጥ! አስቀመጥኳት፣ ዝም። አነሳኋት፣ ጢጥ!

አካሏ ስትነሳ ትንሽ ይጎብጣል። ያኔ የብሎኑ ጫፍ የኃይል መስመሩን ይነካዋል። ብሎኑ ከብረቱ አካል ጋር የተያያዘ ስለሆነ መስመሩ ከመሬት ጋር ይገናኛል፣ መከላከያውም ሁሉን ይዘጋል። ቦርዱ እስከዛሬ ያልተቃጠለው መከላከያው ሥራውን ስለሠራ ነው። የሠራትን መሐንዲስ አመሰገንኩ።

እሁድ ጠዋት

ጭረቱን በአልኮል አጸዳሁ። መስመሩ አልተቆረጠም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር አየሁት። ሁለት ስስ ድርብ የጥፍር ቀለም ቀባሁበት፤ መሃል ላይ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከላዩ ሙቀት የሚችለውን ቢጫ ፕላስተር ለጠፍኩ። ከቦርሳዋ ኪስ ከወጡት ብሎኖች አንዱን እዚያ ቀዳዳ አሰርኩ፤ 5 ሚሊሜትር፣ ልክክ አለ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ቀን ባዶ ያልኩት ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

የሚጣበቀውን ጎማ ቀለም በአልኮልና በጨርቅ ሙልጭ አድርጌ አወረድኩት። ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ግራጫ ነው፤ ከጥቁሩ ይልቅ እሱን ወደድኩት። ማጠፊያዎቹ ላይ ጠብታ ዘይት። ማቃሰቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ፎቶ ለማየት ብቻ አለ፤ ድጋፉ ሚያዝያ 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ኢንተርኔት አላስነካትም። ለዚያ ቀላል ሊኑክስ አጠገቡ ጫንኩ።

በግራ አነሳኋት፣ በቀኝ አነሳኋት። በአንድ እጄ ይዣት ክፍሉን ዞርኩ። የጋሼ የድሮ ፎቶ ቀይ ዳማ ሆኖ ጀመረ፣ ቀስ እያለ ነጣ።

ደወልኩላቸው። “አልቃለች፣ ነገ ይዤያት እመጣለሁ” አልኩ።

“ስንት ብሎን ተረፈህ?” አሉኝ።

“አንድ። ረዥሙ።”